ግዙፍ ዱባን በልጅነቱ ከአየርና ከተባይ መጠበቅ፦ ለጅማ ጓሮ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ለውድድር የሚመዘኑት ግዙፍ ዱባዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም አትላንቲክ ጃያንት ከሚባለው ዝርያ የተገኙ ናቸው። ካናዳዊው ገበሬ ሃዋርድ ዲል በኖቫ ስኮሺያ ያዳበረው ይህ ዝርያ በ2023 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ 1,247 ኪሎ የመዘነ ፍሬ ሰጥቷል። ጅማ ላይ እዚያ መድረስ ግድ አይደለም፤ አንድ ሰው ብቻውን የማያነሳውን ዱባ ከጓሮ ማውጣት ግን ይቻላል። ብዙውን ጊዜ ይህን የሚያስቀረው የማዳበሪያ ማነስ ሳይሆን ተክሉ በመጀመሪያዎቹ ስድስትና ሰባት ሳምንታት የሚደርስበት ጉዳት ነው፦ በአንድ ሌሊት የተቆረጠ ግንድ፣ በረዶ የበጣጠሰው ቅጠል፣ ላስቲክ ውስጥ ታፍኖ የተቀቀለ ችግኝ። አንድ ተክል ላይ የሚያዘው አንድ ፍሬ ብቻ ስለሆነ በልጅነቱ የጠፋ ሳምንት በኋላ በምንም አይካካስም።

ጊዜና ቦታ

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እየበረታ ሄዶ ከሰኔ እስከ መስከረም ዶፍ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ቀኑ ፀሐይ ሆኖ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ዱባ ሁለቱንም አይወድም፤ ክረምቱ በሻጋታ ይፈጀዋል፣ የኅዳር ብርድ ደግሞ ባለበት ያቆመዋል። ስለዚህ የሚሻለው የካቲት አጋማሽ ላይ ዘርቶ መጋቢት መጀመሪያ ላይ መትከል ነው። ፍሬው ሚያዝያ መጨረሻ ገደማ ይይዝና ከባዱ ዝናብ ሲመጣ ቆዳው ጠንክሮ ይቆየዋል። የመስኖ ውሃ ያለው ሰው መስከረም መጨረሻ ላይም መዝራት ይችላል፤ የሌሊት መጠለያውን ግን ረዘም ላለ ጊዜ ማቆየት ይኖርበታል። እንደ ዴዶ ባለው ደጋ ደግሞ በየትኛውም ወቅት ቢተከል ሌሊት መሸፈን አይቀርም።

ለአንድ ተክል ቢያንስ 5 በ5 ሜትር፣ በቀን ስምንት ሰዓት ያህል ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይለዩ። ባለፉት ሦስት ዓመታት ዱባ፣ ዝኩኒ ወይም ኪያር የነበረበት መሬት ይቅርብዎ። ቀዩ የጅማ አፈር ውሃ በደህና ያሳልፋል። ቦዬ አካባቢ እንዳለው ያለ ውሃ የሚያቁር ዝቅተኛ መሬት ላይ ከሆኑ ግን መደቡን ከፍ ሳያደርጉ አይትከሉ።

1. ከመትከልዎ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው አፈሩን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍረው ይገልብጡ፣ አረሙንም ከሥሩ ያውጡ። ቆራጭ ትል የሚቆየው አረም ባለበት ነው። የተገለበጠው መሬት ላይ ዶሮ ቢለቁ ትሉንና ኩብኩባውን ለቅማ ትጨርስልዎታለች። ከተተከለ በኋላ ግን ዋናዋ ጠላት ራሷ ዶሮ ናት፤ ስትጭር ሥሩን ታወጣዋለች።

2. ተክሉ የሚቆምበትን ቦታ 1 ሜትር ስፋትና ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ ያድርጉት። ከላይኛው በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር።

3. የፍልፈል ጉብታ በአካባቢው ከታየ የመትከያውን ጉድጓድ 50 ሴንቲ ሜትር አስፍተውና 40 ሴንቲ ሜትር አጥልቀው ዙሪያውንና ታችኛውን ክፍል ቀዳዳው ከ1.5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ የሽቦ ወንፊት ያልብሱት፤ ከዚያ አፈሩን ይመልሱ። ፍልፈል ሥሩን ከታች ስለሚበላ ተክሉ ጠዋት ደህና ታይቶ ማታ ወድቆ ይገኛል፤ ያኔ ምንም ማድረግ አይቻልም።

ችግኙን ማስጀመር

ዘሩን በ10 ሴንቲ ሜትር ማሰሮ ወይም በቡና ችግኝ ላስቲክ ውስጥ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርገው 2.5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ይዝሩ። አፈሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ቢሞቅ በሳምንት ውስጥ ይበቅላል፤ ሌሊት ሞቅ የሚል ክፍል፣ ለምሳሌ ማድ ቤት፣ ይበቃዋል። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ጭቃ አይሁን። በአፈሩ ልክ ቀጥኖና ጠቁሮ የሚወድቅ ቡቃያ በብዛት የሞተው በውሃ ብዛት ነው። ከሁለቱ ክብ ቅጠሎች መካከል የመጀመሪያው እውነተኛ ቅጠል ሲዘረጋ ለመትከል ደርሷል። ከዚያ በላይ ማሰሮው ውስጥ ካቆዩት ሥሩ ይጠማዘዛል።

ከመትከል በፊት አራት አምስት ቀን ያለማምዱት፦ መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል፣ ከዚያ በየቀኑ ይጨመርለታል። ከጥላ በቀጥታ ወደ የካቲት ፀሐይ የወጣ ቅጠል በአንድ ቀን እንደ ወረቀት ይነጣል። ሲተክሉ አፈሩ ከሥሩ እንዳይራገፍ ይጠንቀቁ፣ ሰዓቱም ከቀትር በኋላ ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁን።

የመጠለያ ቅስት

ይህ የመመሪያው እምብርት ነው፤ ትልቁ ጥቅምም ትልቁ ጥፋትም ያለው እዚህ ነው።

የሚያስፈልጉት፦ እያንዳንዳቸው 2 ሜትር የሆኑ አራት የሽመል ስንጥቆች ወይም ባለ ግማሽ ኢንች የውሃ ቱቦ፣ 2.2 በ2.5 ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ላስቲክ፣ ያረጀ ንጹሕ ነጠላ፣ ሲባጎና ላስቲኩን የሚጫኑ ድንጋዮች።

ስንጥቆቹን በሁለቱም ጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ይስደዱ። ስፋቱ 1 ሜትር ሲሆን የቅስቱ ከፍታ ግማሽ ሜትር ይመጣል። አራቱን በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ደርድረው አናት አናታቸውን በሲባጎ ያያይዙ፣ የሲባጎውንም ሁለት ጫፍ ካስማ ላይ ወጥረው ይሰሩ። የሽመሉ ስንጥቅ ሹል ጎን ላስቲኩን ስለሚቀድ በቢላ ይላግ ወይም ጨርቅ ይጠምጠምበት።

ሌሊት ላስቲኩን፣ ቀን ነጠላውን ያለብሱታል። ላስቲኩ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋ፤ አፈሩ ቀን የያዘውን ሙቀት ይዞ ያድራል። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁለቱም ጫፍ ይከፈት። ፀሐይ በሚወጣበት ቀን ሙሉ በሙሉ ይገለጥ፣ ደመና በሆነ ቀን ጫፍና ጫፉ ስንዝር ስንዝር ክፍት ይሁን። የዘነጋ ሰው ተክሉን የሚያጣው በብርድ ሳይሆን በዚህ ነው፤ ተዘግቶ የዋለ ላስቲክ ውስጥ በፀሐያማ ቀን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ የቅጠሉ ጠርዝም ይቃጠላል፣ ለጋው አናትም ይጠቁራል። በቅጠሉ ከፍታ ጥላ ውስጥ ርካሽ ቴርሞሜትር ቢያንጠለጥሉና 32 ዲግሪ ሲደርስ ቢከፍቱ አይሳሳቱም። ጠዋት ሥራ የሚሄዱና ቤት ውስጥ የሚከፍትልዎ ሰው ከሌለ ላስቲኩ ጭራሽ ይቅር፤ ሌት ተቀን ነጠላውን ብቻ ያልብሱት። እድገቱ ትንሽ ይዘገያል እንጂ አይሞትም።

የነጠላው ጥቅም ሁለት ነው። ከተተከለ በኋላ ባሉት ሦስትና አራት ቀናት ከቀትሩ ፀሐይ ያጠልለታል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ጥንዚዛንና ክሽክሽን፣ ማለትም የቅጠል ጭማቂ የሚመጡትን ደቃቅ ተባዮች፣ ያግድለታል። ተባይ እንዲከለክል ጠርዙ ዙሪያውን አፈር ይልበስ፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ እንዳልተሸፈነ ይቁጠሩት። ዝናብ ሲነካው ይከብዳልና በቅስቱ ላይ ወጠር ተደርጎ ይታሰር፣ አለዚያ ተክሉ ላይ ተኝቶ አንገቱን ይሰብረዋል። የወባ መከላከያ አጎበርን ለዚህ አያውሉት፤ ለሰው የተሰጠ ነው፣ የተነከረበት መድኃኒትም ንብ ይገድላል።

ቅጠሉ ላስቲኩን መንካት ሲጀምር፣ ማለትም ከተተከለ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ቅስቱ ይነሳል። ላስቲክ የነካ ቅጠል ከጠል የተነሳ ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ ሻጋታ ይይዘዋል።

ነፋስ፣ በረዶና ዝናብ

ቅስቱ ከተነሳ በኋላ ያለው ሳምንት ለነፋስ የተጋለጠ ነው። ግንዱ ረጅምና ባዶ ነው፣ ሐረጉም ገና መሬት አልያዘም። ነፋስ ገልብጦት ከአንገቱ ቢሰነጠቅ ያ ተክል አለቀለት። ስለዚህ ሐረጉ 40 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ወደሚሄድበት አቅጣጫ ቀስ አድርገው ያስተኙትና ሁለት ቀጫጭን እንጨቶችን በመስቀለኛ ከላዩ ይትከሉበት፤ ሐረጉን ይያዙት እንጂ አይጫኑት። ከዚያ በየአንጓው ሥር አፈር እያለበሱ ይሂዱ። አንጓው ሥር ሲያወጣ ሐረጉን ራሱ ከመሬት ያስረዋል፣ ተጨማሪ ውሃና ምግብም ያመጣለታል። ነፋስ በሚመጣበት በኩል 1 ሜትር ከፍታ ያለው አጥር ያቁሙ። ለዚህ የቡና ኬሻ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ከቆርቆሮ ይሻላል፤ ኬሻ ነፋሱን አጣርቶ ያዳክመዋል፣ ቆርቆሮ ግን ከላዩ አሻግሮ ተክሉ ላይ ያወርደዋል።

በረዶ በአብዛኛው ከከሰዓት በኋላ ድንገት ይመጣል። ለቡና ችግኝ የሚሠራው የሣር ዳስ ለዱባ አይሆንም፣ ፀሐይ ይነሳዋል። ይልቁንስ አራት ባላዎችን 1.2 ሜትር ከፍ አድርገው ይትከሉና በአንድ በኩል 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል አድርገው የሚጠቀለል የጥላ መረብ ይዘርጉበት። ዘመም ካላለ በረዶው ተጠራቅሞ መረቡን ያረግበውና ቅጠሉን ይጨፈልቀዋል። ደመናው ሲጠቁር ይዘርጉት፣ ሲያባራ ይጠቅልሉት።

በረዶ ከመታው በኋላ የሚደረገው ጥቂት ነው። ተንጠልጥሎ የቀረውን ብቻ በንጹሕ መቀስ ይቁረጡ። የተቀዳደደ ቅጠልም ቢሆን ፀሐይ ስለሚሠራበት አረንጓዴው ይቆይ። የዋናው ሐረግ አናት ከተሰበረ ለስብራቱ ቅርብ የሆነውን ጤነኛ የጎን ሐረግ መርጠው በቦታው ይምሩት፤ ጥቂት ቀን ይዘገያል እንጂ ይተካል። ቶሎ ያገግም ብለው ዩሪያ አይጨምሩበት፤ የቆሰለ ተክል ላይ የሚያወጣው ለስላሳ ቅጠል የክሽክሽ ግብዣ ነው።

ለዝናቡ ዋናው ነገር ጭቃ እንዳይረጨው ማድረግ ነው፤ ብዙ የቅጠል በሽታ ከአፈር የሚወጣው በፍንጣቂ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ ያንጥፉ፣ ከግንዱ ግን 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ጅማ ላይ በቀላሉ የሚገኘው የቡና ገለባ ነው፤ ትኩሱን ግን አይጠቀሙ። ሲብላላ ይሞቃል፣ በውስጡ ያለው ካፌይንም ለጋ ሥር ያቀጭጫል። ቢያንስ ሦስት ወር ተከምሮ የጠቆረና አፈር አፈር የሚሸት ይሁን። ምስጥ ባለበት ቦታ ደረቅ ጭራሮ ከጉዝጓዙ ጋር አይቀላቀል።

ተባዮቹን በየሰዓታቸው

ቆራጭ ትል የሚሠራው ሌሊት ነው። መከላከያው ቀላል ነው፦ ሃይላንድ ጠርሙስ አናቱንና ቂጡን ቆርጠው 10 ሴንቲ ሜትር ቀለበት ያውጡና በተከሉበት ቀን 3 ሴንቲ ሜትሩን አፈር ውስጥ ቀብረው ግንዱን ይክበቡት። የተቆረጠ ቡቃያ ካገኙ እዚያው ዙሪያውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር አፈር ይጫሩ፤ ግራጫው ትል ተጠቅልሎ ተኝቶ ያገኙታል። ካልገደሉት ነገ የሚቀጥለውን ይቆርጣል።

በዝናብ ጊዜ ዛጎል አልባው ቀንድ አውጣ ይተካል። ያለፈበት የሚያብረቀርቅ ዝልግልግ ፈለግ ስላለው አይምታታም። ማታ 2 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዘው ወጥተው ይልቀሙት። አንድ ጣውላ ጉዝጓዙ ላይ አጋድመው ቢያድሩም ጠዋት ከሥሩ ተሰብስቦ ይገኛል። ጠላ በቆርቆሮ ጣሳ አድርገው አፉን ከአፈሩ እኩል ቢቀብሩ ሽታው ስቦ ያሰጥመዋል፤ ጠላ በማይገባበት ቤት እርሾ፣ ስኳርና ዱቄት በለብ ያለ ውሃ በጥብጦ መጠቀም ያንኑ ይሠራል። አመድም ያግደዋል፣ ግን ደረቅ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው።

ቅጠል በሊታው ጥንዚዛ ብርቱካናማ ጀርባ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለው ነው። ክሽክሽን ከምትበላው ጠቃሚ ጥንዚዛ ጋር ይመሳሰላሉና ሳይለዩ አይግደሉ። የጠቃሚዋ ጀርባ እንደ ተወለወለ ያብረቀርቃል፤ የበሊታው ደብዛዛ ነው፣ ቀረብ ብለው ካዩትም ደቃቅ ፀጉር አለው። በሊታው የቅጠሉን አረንጓዴ ብቻ ፍቆ እንደ መስኮት ብርሃን የሚያሳልፍ ያደርገዋል። ቅጠሉን ገልብጠው ቢጫና ቀጥ ቀጥ ብሎ የቆመ የእንቁላል ክምር ካዩ በጣትዎ ይደፍጥጡ። ጥንዚዛው ገና ብርዱ ሳይለቀው፣ ጠዋት ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ስለሚደነዝዝ በሳሙና ውሃ ጣሳ ውስጥ አራግፎ መጨረስ ይቻላል።

ክሽክሽ ቅጠሉን ከመምጠጡ ይልቅ የሚያመጣው ቫይረስ ይከፋል። ጥቂት ከሆነ በውሃ ግፊት ከቅጠሉ ሥር ያጥቡት። ከበዛ በአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፋቀ ድፍን ሳሙና አሟምተው አመሻሽ ላይ ከቅጠሉ ሥር ይርጩ። የሳሙናው ውሃ የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ ከአራት አምስት ቀን በኋላ ይደገም። የዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል። በየትኛውም ጊዜ መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክረው አንድ ቀን ይጠብቁ። ከቆላ የመጣ የኒም ፍሬ ካገኙ 50 ግራም የተወቀጠ ፍሬ በሊትር ውሃ ዘፍዝፈው አሳድረው፣ አጥልለው መርጨት ለጥንዚዛውም ለክሽክሹም ይሆናል። ቅጠሉ ቢጫና አረንጓዴ ተዥጎርጉሮ ከተጨማደደና አዲሱም እንደዚያው ከወጣ ግን ቫይረስ ነው። መድኃኒት የለውም፤ ተክሉን ነቅለው ያቃጥሉ፣ እጅዎንና መቀሱንም በሳሙና ይታጠቡ።

ጃርት ሌሊት በአንድ ጊዜ ሁሉንም ይጨርሳል፤ ከሥር ቆፍሮም ይገባል። ቆርቆሮ 30 ሴንቲ ሜትር ተቀብሮ 60 ሴንቲ ሜትር ከመሬት በላይ ቢቆም ያቆመዋል። ቡና ደን አጠገብ ያለ ጓሮ ከከርከሮና ከጦጣ በአጥር ብቻ አይድንም። ጦጣ የምትመጣው ቀን ነው፤ ሰው ወይም ውሻ ያስፈልጋል።

ፍሬ ሲይዝ

ዝናብ የነካው የአበባ ብናኝ አያዳብርም። ነገ የሚፈካውን ሴቴ አበባ፣ ማለትም ከሥሩ ትንሽ ዱባ ያለውን፣ ዋዜማውን ማታ በክር አፉን ቀለል አድርገው ይሰሩት፤ ወንዴውንም እንዲሁ። ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ የወንዴውን የአበባ ቅጠል ልጠው ብናኙን በሴቴዋ መሐል ያሽሹ፣ መልሰው ይሰሩት፣ ላዩም ላይ ትንሽ ሽፋን ያድርጉ። ዋናው ሐረግ ላይ ከግንዱ 3 ሜትር ገደማ የሚርቀውን ፍሬ ይምረጡ። በዚህ ወቅት መርጨት ግድ ከሆነ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ ሲመሽ ብቻ ይሁን።

የፍሬ ዝንብ የምትመታው ይህን ለጋ ፍሬ ነው። በቆዳው ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያለ ቀዳዳና የሙጫ ጠብታ ካዩ እንቁላል ጥላለች ማለት ነው። ፍሬው ቢጫ ሆኖ ይወድቃል፣ ሲሰነጠቅም ውስጡ ትል ይርመሰመሳል። ከዳበረበት ቀን ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል በትንሽ የእንጨት ማዕቀፍ ላይ በተወጠረ ስስ ጨርቅ ይሸፍኑት። ከረጢት ማሰር ለትንሽ ዱባ እንጂ በየቀኑ ለሚያብጥ ፍሬ አይመችም። የወደቀውን ሁሉ 50 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ይቅበሩት ወይም ጥቁር ፌስታል ውስጥ አስረው ፀሐይ ላይ ለሳምንት ያቆዩት። ጓሮ ጥግ የተጣለ አንድ የበሰበሰ ዱባ ለሰፈሩ ሁሉ ዝንብ ያፈራል።

ፍሬው የእግር ኳስ ሲያህል ከሥሩ 5 ሴንቲ ሜትር ደረቅ አሸዋ ያንጥፉለት። ከፍሬው ግራና ቀኝ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ያሉት አንጓዎች ያወጡትን ሥር ይቁረጡ፤ ፍሬው ወደ ላይ ሲያድግ ሐረጉን ይዞ ይነሳል፣ ሐረጉ መሬት ከያዘው ግን ፍሬው ከሐረጉ በሚያያዝበት እንብርቱ ላይ ይቀደዳል። ፍሬውን ማዞር ካስፈለገ በአንድ ጊዜ አይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ሐረጉ ሲለሰልስ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት፣ በሳምንት ውስጥ ይሁን። ጠዋት ውሃ ጠጥቶ ስለሚወጠር በቀላሉ ይሰበራል።

ከዚያ ነጭ አንሶላ ያልብሱት። ፀሐይ ያደነደነው ቆዳ አይለጠጥም፣ በፈጣን እድገቱ ጊዜ በቀን ከ10 ኪሎ በላይ የሚጨምር ፍሬ ደግሞ ሳይለጠጥ ካደገ ይሰነጠቃል። ላስቲክ በቀጥታ አይልበስበት፣ ያልበዋል። ውሃውም እኩል ይሁን፤ ሳምንት ተጠምቶ በአንድ ቀን የተጥለቀለቀ ተክል ፍሬውን ያፈነዳል። በየሳምንቱ እጅዎን ከሥሩ ሰደው ይዳስሱ። እርጥብና ለስላሳ ቦታ ካገኙ በንጹሕ ቢላ እስከ ጤነኛው ሥጋ ድረስ ፍቀው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፣ የዱቄት ድኝ ይነስንሱበት፣ እርጥቡን አሸዋም በደረቅ ይቀይሩ።